ከግድግዳው ዞር ያለችው ታዛቢ

የዛሬው ወሬዬ የአንዲት ሴት ውለታ ነው። ሳላመሰግናት ስውል ሆዴን ይበላኛልና ተቀመጡ፣ ላውራው።

አገሩ የት ነው አትበሉኝ። ከዚህ አይርቅም፤ ግን መንገዱን የሚያሳያችሁ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ከተራራው ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ አንድ ቦይ ተጠልፎ መጀመሪያ በላይኛው ሰፈር፣ ቀጥሎ በታችኛው ሰፈር ያልፋል። በዚህ ቦይ ላይ የሚያዝ ሰው የቦይ ዳኛ ይባላል። በዚያ አገር ንጉሥ የለም፤ ቢኖርም ከቦይ ዳኛው አይበልጥም ነበር። የማን ማሳ እንደሚጠጣ፣ የማን ማሳ እንደሚጠማ የሚወስነው እሱ ነው።

ዳኛው የሚሾመው በምርጫ ነው። በምርጫቸው ሲኮሩ ለጉድ ነው! «ጎረቤቶቻችን ዳኛ የሚያነግሡት በዱላ ነው፤ እኛ ግን በጭቃ ነው» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። በጭቃ ማለታቸው እንዲህ ነው። በምርጫው ቀን ለወግ ለማዕረግ የደረሰ ሰው ሁሉ ከወንዙ ዳር ጭቃ ይቆነጥርና በመዳፉ አድቦልቡሎ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ፣ ሁለት ጋኖች ወደ ቆሙበት አደባባይ ይመጣል። አንደኛው ጋን በወንበር ላይ ያለው ዳኛ ነው። ሁለተኛው ሊተካው የቀረበው ሰው ነው። ይህን ሰው የአገሩ ሕግ «እንግዳው» ይለዋል። እትብቱ እዚያው የተቀበረ፣ ቤቱም ከዳኛው ቤት አጥር የሚጋራ ቢሆን እንግዳው ነው። መራጩ በመጋረጃ ውስጥ ገብቶ ጭቃውን ወደ ወደደው ጋን ይጥላል። ያቺ ትንሽ ድቡልቡል ጭቃ ድምፅ ትባላለች።

ሌላም ሕግ አላቸው፤ እሱን ልብ በሉልኝ። በዚያ አገር ከምርጫ በቀር አቤቱታ የለም። ቦዩ ደረቀብኝ ብሎ ወደ ዳኛው የሄደ ሰው በር ላይ ይመለሳል። «ቅር ካለህ ምርጫ ሲመጣ በጭቃህ ተናገር» ይባላል፤ በትህትና ነው የሚባለው፣ ማንም አይገፈትረውም።

ጋኖቹ ሲሞሉ ድምፅ ቤት ይገባሉ። የድምፅ ቤቱ አለቃ አዛዥ ልሳኑ ይባላል፤ ሥራውን ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ ወርሰውታል። ልሳኑን ሌባ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልልም። እጁን ታጥቦ የማይጠግብ፣ ድምፅ ቤት ሲገባ ጫማውን የሚያወልቅ፣ ጋኖቹን እንደ አራስ ልጅ የሚያቅፍ ሰው ነበር። ትልቁ ጭንቀቱ ድምፅ እንዳይደርቅ ነው። የደረቀ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አገር ይሰነጥቃል ብሎ አባቱ ነግሮታል። ስለዚህ አርጣቢዎች የሚባሉ ሹማምንት አሉት፤ ጋኖቹ ላይ ሌሊቱን ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባሉ። በማግስቱ አድቦልቧዮች የሚባሉት ሹማምንት ይገቡና ሥራቸውን ይሠራሉ። ምን እንደሚሠሩ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

እንዴ፣ ታዛቢስ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ያለ ታዛቢ ምርጫ አደረጉ ብላችሁ ብታሟቸው ይከሷችኋል። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ሸንጎ ድምፅ ቤቱን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው፤ በየምርጫው አንድ ታዛቢ ይልካል። ታዛቢው ነጭ ካባ ይደረብለታል። ከአዛዡ ወንበር ከፍ ያለ ወንበር ይሰጠዋል። ብርዝ ይቀዳለታል። ከዚያ ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይዞርለታል።

ምክንያቱም ጥሬ ድምፅ ዓይን ይበላዋል። ገና ያልተነገረ ድምፅ ገና ክርስትና እንዳልተነሳ ልጅ ነው፤ ለሰው ዓይን አይሰጥም። ታዛቢው እንግዲህ ፊቱን ለግድግዳው፣ ጀርባውን ለሥራው ሰጥቶ ይታዘባል። ሲያልቅ ሸንጎው ፊት ይቀርብና «ጀርባዬ ምንም ክፉ ነገር አላየም» ብሎ ይምላል። መሐላው እውነት ነው። የዚያ አገር ሰው በሐሰት መማል አይወድም።

ከዚያ አዛዥ ልሳኑ ወደ አደባባይ ይወጣና ያውጃል፦ «አገሩ በሙሉ ዳኛ ፈንቴን መርጧል፤ ለእንግዳውም ጥቂት አልጠፋም!» ከበሮ ይመታል። ዳኛ ፈንቴ ከጃንጥላቸው ሥር ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጠጉራቸው ጥቁር የነበረ ጊዜ እንዲህ ታወጀ፤ ሲሸብትም እንዲህ ታወጀ።

አሁን ወደ ታችኛው ሰፈር ልውሰዳችሁ። ቦዩ እዚያ ሲደርስ ቀጭን ነበር፤ ኋላ እርጥበት ብቻ ሆነ፤ ከዚያ እንሽላሊት የሚሮጥበት ጎዳና ሆነ። ሽንኩርቱ መደቡ ላይ ደረቀ። ጌሾው ቅጠሉን አራገፈ። ሰዉ በየምርጫው ጭቃውን ለእንግዳው እየጣለ፣ በየምርጫው «ጥቂት አልጠፋም» እየተባለ ይመለሳል። ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ጀመረ። «አንተ ነህ ለፈንቴ የጣልከው» እየተባባሉ ተኳረፉ። ከድርቁ ይልቅ ይሄ ነው የከፋው።

በዚህ ሰፈር ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ብርቄ ናት። ብርቄ አግብታ እዚያው ከእናቷ ደጃፍ ነው የምትኖረው። በዚያ ዓመት የብርቄ ባል ከተራራው ማዶ መሬት የሚሰጠው ዘመድ አገኘ። ዕቃቸውን አሰናዱ። ብርቄ ለእናቷ እንዲህ አለቻት፦

«እማዬ፣ የምንቆየው ምርጫው እስኪነገር ነው። ስንሻው ካሸነፈ እንቀራለን። ያው ፈንቴ ከሆኑ ግን ልጄን በአቧራ አላሳድግም። አንቺም ተነሺ ብዬ ነበር፤ እንቢ አልሽ።»

«የአባትሽን መቃብር ለማን ትቼ?» አለች ይመኙሻል።

ስንሻው የዚያ ዓመት እንግዳ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ሰው፣ ረጋ ያለ፣ ቦይ ሲጠርግ የኖረ። ሰፈሩ ሁሉ ተስፋውን እሱ ላይ ጥሏል። በዚያው ዓመት ደግሞ ለብዙ ጊዜ ታዛቢ ሆኖ የኖረው የላይኛው ሰፈር ሰው አንገቱ ደርቆ አልዞር አለው። ወጌሻው «ከእንግዲህ ግድግዳ አትይ» ብሎ ከለከለው። የሸንጎው ሊቀመንበር ጋሽ ዘለቀ «እስቲ ዘንድሮ ከታች ይላክ» አሉ። ማን ይሁን ሲባል ይመኙሻል ተጠራች። ጨዋ ናት፣ አፏ ቁጥብ ነው፣ ለካባውም ቁመቷ ይበቃል ተባለ።

እሷም ደንብ ለማፍረስ አልሄደችም። ካባውን ለበሰች፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ብርዙን ቀመሰች፤ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው ላይ የድሮ ታዛቢዎች ግንባራቸውን ያስደገፉበት ቦታ ተልጎ ያብረቀርቃል። ከኋላዋ ቸብ ቸብ የሚል የጭቃ ድምፅ ይሰማታል። ልጇን እያሰበች ነበር። ድንገት አንድ አድቦልቧይ እንዲህ ሲል ሰማች፦

«ጌታዬ አዛዥ፣ ይቺ ለእንግዳው አላነሰችም?»

«ጨምርባት እንጂ!» አለ ልሳኑ። «እንግዳ በትንሽ ጉርሻ ይሸኛል እንዴ? ነውር አይደለም? የዳኛችንን ግን አድቅቅ፤ አድቅቅ፣ እንደ ሽምብራ ትሁን። ለእሳቸው የሚገባው ደቃቅ ሥራ ነው።»

ይመኙሻል ዞር አለች።

ኋላ ሰዎች «አስበሽበት ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ምን አስብበታለሁ? ሰው ከኋላው ሲያወሩ አይዞርም እንዴ?» ብላ ነው የመለሰችው። ያየችው ይህን ነው፦ ሁለቱ ጋኖች ቁርበት ላይ ተገልብጠዋል። ሲረጥብ ያደረው የሰው ሁሉ ጭቃ እርስ በርሱ ተዋህዶ ሊጥ ሆኗል። አድቦልቧዮቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ከሊጡ እየቆረሱ እንደ አዲስ ያድቦለብላሉ። የእንግዳው እያንዳንዷ ድቡልቡል የጨቅላ ራስ ታህላለች። የዳኛው ደቃቅ ሆና፣ ተቆጥራ የማታልቅ ሆና በሰፌድ ተዘርግታለች።

ቤቱ ተተራመሰ። አንዱ ነጠላውን አውልቆ ጭቃው ላይ ጣለ። ሌላው «እንትፍ፣ እንትፍ!» አለ። ልሳኑ እንባው መጣ።

«ምነው ወይዘሮ ይመኙሻል! ድምፁን በላሽው!»

«አዛዥ፣ እኔ አየሁ እንጂ አልበላሁም» አለች።

ያኔውኑ ሸንጎ ተጠራ። ጥሬ ድምፅ ያየ ሰው ቅጣቱ ከአገር መውጣት ነው። ልሳኑ ከሰሰ፤ እያዘነ ነው የከሰሰው። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ይመኙሻል ካባውን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ፊታቸው አስቀመጠችው።

«አጥፍቻለሁ፣ እወጣለሁ» አለች። «ልጄም ልትወጣ ተሰናድታለች፤ እንዲያውም አብሬያት እሄዳለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን ምን እንዳየሁ ጠይቁኝ።»

ያ ሸንጎ ታዛቢ ሲልክ ኖሯል፤ ታዛቢ ሲያስምል ኖሯል፤ ምን አየህ ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም። እንዴት እንደሚጠየቅም የሚያውቅ የለም። ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሺ... ምን አየሽ?»

ነገረቻቸው። አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም። ስትጨርስ ሁሉም ወደ ልሳኑ ዞሩ። እሱ ግን ግራ ገብቶት ቆሟል።

«ታዲያ ምኑ ነው ጥፋቱ?» አለ። «እንግዳን ማክበር ነው። ዳኛን ማክበር ነው። አባቴ እንዲህ አድርግ አለኝ፣ እንዲህ አደረግሁ። አንዲት ቁራጭ ጭቃ ወደ ቤቴ ይዤ ሄጄ ከሆነ ውረዱብኝ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ጋሽ ዘለቀ አልሳቁም።

«ልሳኑ፣ ሰውዬው በእጁ ያድቦለቦላት፣ በአውራ ጣቱ የተጫናት፣ እሷ የት ደረሰች?»

«ረጥባ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሆነች። ይሄ አንድነት ነው።»

«እና ማን ምን እንዳለ በምን ታውቃለህ?»

ልሳኑ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እንዳይደርቅ ነው የተጨነቅሁት» አለ። ምስኪን ሰው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቄዋለሁ ያለውን ነገር ሲያሟሟው መኖሩ ገና እየገባው ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይሁን፣ ይደገም እንበል፤ ዓይንስ? ካየነው ይበላዋል» አለ።

«አንድ ዓይን ብቻ ሲያየው ይበላው ይሆናል» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ሁላችን ካየነው ግን የማን ዓይን በላው ይባላል? ስሙኝ፤ የእኔ ማሳ ላይኛው ሰፈር ነው፣ ውሃ ጎድሎብኝ አያውቅም። ይሄ ነገር ቢቀየር የሚጎድለው ከእኔ ነው። ግን ሸንጎው ድምፅ ቤቱን ይቆጣጠራል ተብሎ ነው እዚህ የተቀመጥነው፤ እስከ ዛሬ የተቆጣጠርነው ግድግዳውን ነው። ምርጫው ይደገም። ድምፁ በፀሐይ ይድረቅ። በአደባባይ ይቆጠር። ይቺም ሴት ካባዋን ትልበስ።»

እኚህን ሰውዬ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ከራስ ማሳ ላይ ውሃ የሚፈርድ ሰው ስንት ጊዜ አጋጥሟችኋል? እኔ አላጋጠመኝም፤ ስለሳቸው የሰማሁት ግን ይበቃኛል።

ምርጫው ተደገመ። ጋኖቹ አደባባይ ተገለበጡ፤ ጭቃው በሁለት ቁርበት ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ላይኛውም ታችኛውም ሰፈር ዙሪያውን ቆሞ ይጠብቃል። የደረቀ ድምፅ አገር ይሰነጥቃል የተባለውን እያሰቡ መሬቱን የሚያዩም ነበሩ። መሬቱ ምንም አልሆነ።

ቆጣሪ ማን ይሁን ሲባል ጋሽ ዘለቀ «ልሳኑ ይሁን» አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። ይመኙሻል ግን በካባዋ ሆና፣ ወንበሯን ወደ ቁርበቶቹ አዙራ፣ «እሱ ይቁጠር፤ እኔ አያለሁ» አለች። ልሳኑ ጫማውን አውልቆ መጣ። እጁ በልማድ ወደ ውሃ ቅሉ ሄደ፤ ራሱ አየውና ቅሉን አርቆ አስቀመጠው። ከዚያ እያንዳንዷን ድቡልቡል ወደ ሰማይ እያነሳ፣ ለሰው እያሳየ ጮኸ፦ «ለዳኛው!... ለእንግዳው!... ለእንግዳው!... ለዳኛው!...» መሃል ላይ ድምፁ ተቀየረ። «ለእንግዳው» ማለት ትቶ «ለስንሻው!» አለ። ማንም አላዘዘውም። የስንሻው ሚስት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ሲያልቅ ዳኛ ፈንቴ አሸነፉ። በጥቂቱ፤ አንዲት ሰፌድ በማትሞላ ጭቃ። የላይኛው ሰፈር ቤቱ ይበዛል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ከበሮ መቺው ይምታ አይምታ ግራ ገባው። ዳኛ ፈንቴ ከጃንጥላው ሥር ወጥተው የስንሻው ቁርበት ላይ ያለውን ክምር አዩት፣ አዩት። ጃንጥላ ያዡን ሳይጠብቁ ብቻቸውን በእግራቸው ሄዱ።

የታችኛው ሰፈር አዝኖ ተመለሰ። ግን እንደ ድሮው አልተኳረፈም። ማን ለማን እንደጣለ መጠራጠር አላስፈለገም፤ ክምሩ ሰፈሩን ሁሉ የሚያህል ነበር። «ምን ፈየደልን ታዲያ?» ያላትን ጎረቤቷን ይመኙሻል እንዲህ አለችው፦ «የእኔን ጭቃ አየኋት። የአውራ ጣቴ ምልክት እንዳለባት፣ ደርቃ አየኋት። እስከ ዛሬ የት እንደምትገባ አላውቅም ነበር።»

ይህን ስትል ብርቄ ሰማች። ግን ቃሏ ቃል ነውና በማግስቱ ጠዋት አህያዋን ጫነች። ባሏ ገመዱን አጠበቀ። ልጇ ከጭነቱ በላይ ተቀመጠ። ይመኙሻል አልለመነችም፤ ስንቅ ቋጥራ ሰጠቻትና ደጃፉ ላይ ቆመች።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ቁልቁል ሲመጡ ታዩ። ቀርበው እስኪታዩ ማንም አላወቃቸውም፤ ያለ ጃንጥላ በቅርብ አይተዋቸው አያውቁማ። ዳኛ ፈንቴ ናቸው።

«ያልመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ?» አሉ።

ሰዉ ፈራ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ አንዷ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች ይመኙሻል።

«እኔ ዕድሜ ልኬን አገሩ በሙሉ መረጠህ ነው የተባልኩት። ሁሉ ከመረጠኝ ሁሉ ጠግቧል ብዬ፣ የታችኛውን የቦይ መዝጊያ ለመክፈት ምክንያት አላየሁም። ምን በድያችሁ ነው?»

እጃቸውን ይዛ ወደ ቦዩ ወሰደቻቸው። እንሽላሊቷ ሮጣ ድንጋይ ሥር ገባች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከቦዩ ሆድ አፈር ዘገኑ፤ በጣታቸው መሃል አለፈ።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን...» አሉ፣ «ምነው ሳትነግሩኝ?»

«እንዴት አልነገርንዎትም ጌታዬ! በየምርጫው ስንነግርዎት ኖረናል» አለች ይመኙሻል። «አይደርስዎትም ነበር እንጂ።»

ዳኛ ፈንቴ ከደረቀው ቦይ ዳር ተቀመጡ። አልተቆጡም። አንድ ሽማግሌ እንዲህ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው ብሎ ያወራ ሰው ነበር። ቆይተው ተነሱ፤ ወደ ላይ ወጡ፤ መዝጊያውን ያነሱት ራሳቸው ናቸው ይባላል፣ ስንሻውም አግዟቸዋል።

ውሃው መጀመሪያ ቅጠል እየገፋ መጣ፤ ቀጥሎ አረፋ፤ ቀጥሎ ራሱ መጣ። ያ ሰፈር ዛሬ ሽንኩርቱን ሲነቅል የሚመርቃቸው ሰዎች አሉት፦ ዞር ያለችውን ሴት፣ ምን አየሽ ያሏትን ሽማግሌ፣ ቅሉን ያስቀመጠውን ልሳኑን፣ ተሸንፈው ሳይሆን አሸንፈው የደነገጡትን ዳኛ። እኔም አብሬ እመርቃለሁ፤ የዚያን ውሃ ሽንኩርት በልቼ ነው ያደግሁት።

ያን ጠዋት ግን ብርቄ የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ደንዝዛ ቆማ ነበር። ውሃውን ትታ የእናቷን ፊት ታያለች።

«እማዬ፣ ምን ትያለሽ? እንሂድ ወይስ እንቅር?»

«የእኔን ፊት ምን ታያለሽ፣ ልጄ» አለቻት ይመኙሻል። «ውሃውን ራስሽ እዪው።»

ብርቄ ዞረች። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ልጇን ከጭነቱ ላይ አወረደችው።